የእሑድ ድፎ ለሐሙስ ቁርስ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ባህር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጠዋት ልጆች አለባብሼ፣ ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ ቢሮ በሰዓቱ መግባት ስላቃተኝ እሑድ እሑድ ትልቅ ድፎ መጋገር ጀመርኩ። እስከ ማክሰኞ ደህና ነው። ረቡዕ ላይ ሻጋታ ያወጣል፤ በዚህ ክረምትማ ጭራሽ ባሰበት። ፍሪጅ ሳስገባው አይሻግትም፤ ግን ይደርቅና እጄ ላይ ይፈረፈራል። ባለፈው ወር ማክሰኞ ማታ የተረፈውን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ከተትኩት። ከሳምንት በኋላ ሳወጣው ዳር ዳሩ ነጥቶ እንደ ካርቶን ደርቋል። ዓሣ ዓሣም ይሸታል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ቀመስ አደረጉና ‹በረዶ የመታው እህል ሆድ ይቆርጣል፤ ይሄን ለልጅ አታብይ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከፍሪዘር የወጣ ነገር አይነኩም። መብራቱም ይጠፋል። ለመሆኑ ዳቦ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ለጤና ይጎዳል? ካልጎዳ እንዴት ነው የሚደረገው? ደግሞስ አማቴን ሳልነግራቸው ባበላቸው ጥፋት ይሆንብኛል?»

የሦስት ልጆች እናት፣ ከባህር ዳር

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ዳቦ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ጤና አይጎዳም። ብርዱ ዳቦው ላይ ምንም መጥፎ ነገር አይጨምርበትም። ልጆችሽ የሚበሉት ያንኑ እሑድ በእጅሽ ያቦካሽውንና የጋገርሽውን ዳቦ ነው። በዚህ በኩል አትጨነቂ።

አማትሽም ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። የቀመሱት ዳቦ መጥፎ ነበር። ዳሩ ካርቶን የሆነ፣ ዓሣ የሚሸት ዳቦ ቀርቦላቸው ምን እንዲሉ ትጠብቂያለሽ? እኔም ብሆን ለልጅ አታብይ እላለሁ። የተበላሸው አቀማመጡ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ እሑድ ይስተካከላል።

ደብዳቤሽን ሳነብ «የተረፈውን» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ማክሰኞ ማታ የተረፈውን ነው ፍሪዘር የከተትሽው። ነገሩ የተበላሸው ገና ከዚያ ነው። ፍሪዘር ዳቦ አያድስም። የሰጠሽውን ይዞ ያቆይልሻል፣ በቃ። የሦስት ቀን ዳቦ ካስገባሽ የሦስት ቀን ዳቦ ታወጫለሽ፤ ያውም ትንሽ ተጎድቶ። እሑድ ማታ ያስገባሽው ግን ሐሙስም ሲወጣ የእሑድ ማታ ዳቦ ነው። ስለዚህ የረቡዕን፣ የሐሙስንና የዓርብን ድርሻ እሑድ ለእሑድ ለይተሽ አስገቢ። የሰኞና የማክሰኞው ውጭ ይቆይ። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥሩ ጥሩውን በልተን፣ ሊበላሽ ሲል «እስቲ ፍሪዘር ልክተተው» እንላለን። ያኔ መሽቷል።

ፍሪጁን በተመለከተ የታዘብሽው ትክክል ነው። ዳቦ የሚደርቀው ውኃው ተንኖ ብቻ ይመስለናል። እንደሱ አይደለም። የዱቄቱ ዋና ክፍል የሆነው ስታርች ሲጋገር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዳቦው ሲቀዘቅዝ ያ ስታርች ቀስ በቀስ መልሶ ይጠጥራል፤ የጠጣውንም ውኃ ይተፋል። ዳቦ «አደረ» የምንለው ይሄን ነው። በደንብ የታሰረ ላስቲክ ውስጥ ያለ ዳቦ ውኃው ሳይቀንስ የሚጠጥረውም ለዚህ ነው። ይህ መጠጠር ደግሞ ከሁሉ የሚፈጥነው በፍሪጅ ብርድ ላይ ነው፣ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለዳቦ ውጭው ይሻላል፣ ፍሪዘሩም ይሻላል፤ መካከለኛው ፍሪጅ ነው የማይሆነው። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ ፍሪጁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጪ።

አማትሽን ለማስረዳት ደግሞ ከድርቆሽ የተሻለ ነገር የለም። ጎጃም ውስጥ ያደገች ሴት ድርቆሽ ለምን እንደሚቆይ አትጠፋትም። ሻጋታ ያለ ውኃ አያድግም። እንጀራው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ውኃው ሲወጣ ሻጋታው የሚጠጣው ያጣል። ስለዚህ ድርቆሽ ለወራት ስንቅ ይሆናል። ፍሪዘርም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። ውኃውን አያስወጣውም፤ እዚያው ዳቦው ውስጥ በረዶ አድርጎ ያስረዋል። ሻጋታው ውኃ አጠገቡ እያለ ይጠማዋል። ልዩነታቸው ሲወጡ ነው። ድርቆሽ ተመልሶ እንጀራ አይሆንም፤ ፍርፍር ነው የሚሆነው። ከፍሪዘር የወጣ ዳቦ ግን እሳት ሲያገኝ ተመልሶ ዳቦ ይሆናል።

አሁን ወደ ካርቶኑና ወደ ዓሣው ልምጣ።

ዳሩ የነጣው ውኃው ስለወጣ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው። በረዶውን ሳያቀልጥ በቀጥታ ከዳቦው ላይ ይወስደዋል። ፌስታሉን ስትፈቺ ውስጡ እንደ ጤዛ የደረቀ በረዶ አይተሽ ይሆናል። እሱ ከውጭ የገባ አይደለም፤ የራሱ የዳቦው ውኃ ነው። የሱቅ ፌስታል ስስ ነው፣ ትንሽ ስታጥብቂው ይቀደዳል፣ ሽታም ያሳልፋል። ዓሣው የገባው በዚያ ነው። የዳቦ ውስጡ ወንፊት ነው፤ ያገኘውን ሽታ ይይዛል። ባህር ዳር ውስጥ ደግሞ ዓሣ ገብቶበት የማያውቅ ፍሪዘር ማግኘት ይከብዳል። አምባዛ ያደረበት ፍሪዘር ሽታው ዓሣው ካለቀም በኋላ ይቆያል። ፍሪዘሩን አጥፍተሽ፣ በረዶውን አራግፈሽ፣ በቤኪንግ ሶዳና በለብታ ውኃ እጠቢው። በሩን ለጥቂት ሰዓት ከፍተሽ አናፍሽው። ከዚያ በኋላ ነው ዳቦ የሚገባበት።

የራሴንም ልንገርሽ። አንድ ዓመት ለዘመን መለወጫ ትልቅ ድፎ ጋግሬ ነበር። እንግዳ ስለበዛብኝ ወጥ ቤቱን ቶሎ ላስለቅቅ ብዬ ግማሹን ገና መሀሉ ሞቅ እንዳለ በላስቲክ አስሬ ፍሪዘር ከተትኩት። በሳምንቱ እናቴ ከዘጌ በጀልባ መጣች። ደስ ይበላት ብዬ አወጣሁት። ላስቲኩ ከውስጥ በበረዶ ተሸፍኗል። ሲሟሟ እንፋሎቱ ሁሉ ወደ ዳቦው ተመለሰ። ላዩ ረጠበ፣ መሀሉ ያልበሰለ ሊጥ መሰለ። እናቴ አንድ ቁራሽ አነሳች፤ በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቶቿ ሰርጉደው ቀሩ፤ ዳቦው አልተመለሰም። ምንም አላለችም። ቁራሹን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ቡናዋን ጠጣች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የአማትሽ ነገር ስለዚህ ይገባኛል። ለእናቶቻችን ዳቦ ማቅረብ ክብር መስጠት ነው፤ የተበላሸ ሲቀርብላቸው ይሰማቸዋል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። አንቺም ለሚመጣው እሑድ ሞክሪው።

ድፎው ከእሳት እንደወረደ ኮባውን ወዲያው አውልቂለት። ኮባው ላይ ከተውሽው ሥሩ ያልበዋል። ዳቦውን ሰፌድ ላይ አድርጊው፤ ሰፌድ ከታች አየር ያስገባል። ላዩን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኚው። ትሪ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አይሁን፤ ሥሩ ይረጥባል። ከዚያ ታገሺ። ትልቅ ድፎ ላዩ ቢቀዘቅዝም ውስጡ ቶሎ አይቀዘቅዝም። እኩለ ቀን ላይ ከወጣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተይው። ቀዝቅዟል ስትይ ከመሀል አንድ ቁራጭ አውጪና ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ትንሽ ለብ ካለሽ ገና ነው። ይሄን አትዝለይው። የኔ ድፎ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሲቀዘቅዝ ቁረጪው። ድፎውን እንዳለ ፍሪዘር አታስገቢ። አንደኛ፣ ሐሙስ ጠዋት ድንጋይ የሆነ ድፎ በምን ትቆርጭዋለሽ? ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ትልቅ ዳቦ መሀሉ በረዶ እስኪሆን ድረስ ለሰዓታት ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይቆያል፤ ያ ደግሞ ከላይ የነገርኩሽ ቶሎ የሚጠጥርበት ብርድ ነው። የጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ ግን ቶሎ ያልፈዋል። ቁራጮቹን ትሪ ላይ ሳይደራረቡ አሰልፊና ለአንድ ለሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪያቸው። ጠንከር ሲሉ ሰብስበሽ ወደ ላስቲክ ክተቺያቸው። እንዲህ ካደረግሽ እርስ በርስ አይጣበቁም። የፈለግሽውን ያህል ብቻ መዝዘሽ ታወጫለሽ።

ላስቲኩ ወፍራም ይሁን። እኔ ቁራጮቹን በወፍራም ላስቲክ አድርጌ፣ አየሩን በመዳፌ ጨፍልቄ አስወጥቼ፣ አፉን አጥብቄ አስራለሁ። ከዚያ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቼ እዘጋዋለሁ። ሁለት ግድግዳ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን የየራሱ ላስቲክ ቢኖረው ጥሩ ነው። ለሦስት ልጆች ሁለት ሁለት ቁራጭ፣ ለትልልቆቹ የቀረው። የረቡዕን ስትከፍቺ የዓርቡ አይነካም። ቀኑንም ጻፊበት። ፍሪዘር ውስጥ ዳቦ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የትኛው የየትኛው እሑድ እንደሆነ ይጠፋሻል። አንቺ በሳምንት ስለምትጨርሺው አያሳስብሽም እንጂ፣ በደንብ የታሰረ ዳቦ እስከ አንድ ወር ጣዕሙ አይለወጥም። ሦስት ወር ቢሆነው ለጤና ችግር የለውም፤ ግን ዳቦው ይደክማል።

ይሄ ሁሉ የምልሽ ለብቻው በር ያለው ፍሪዘር ካለሽ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ከላይ ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ከሆነች ያን ያህል አትበርድም። እሷ ውስጥ የሚገባ ዳቦ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቅ።

አቀማመጥ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ዳቦ ከላይ፣ ዓሣና ሥጋ ከታች። መብራት ጠፍቶ ዓሣው ቢሟሟ ውኃው ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው። ጥሬ ዓሣ ወይም ሥጋ የተንጠባጠበበት ዳቦ አይሞቅም፣ አይታጠብም፤ ይጣላል።

እንግዲህ አወጣጡ። ግማሹ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። አማትሽ ሲቀምሱት የነበረው ዳቦ ሞቆ ነበር ወይስ ዝም ብሎ የሟሟ? አልጻፍሽልኝም፤ ግን የሟሟ ብቻ ይመስለኛል። የጠጠረ ስታርች ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ እንደገና ይለሰልሳል። እሳት ያልነካው ዳቦ ግን እንደጠጠረ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድሽን አሙቂና አጥፊው። ቁራጮቹን በረዶ እንደሆኑ አሰልፊያቸው። እጅሽን ውኃ ነክረሽ እፍ እንደማለት አድርገሽ ረጨት አድርጊባቸውና አክንባሎውን ድፊበት። ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ሌላ ሦስት ደቂቃ። ምጣድ ማሞቅ ከበዛብሽ መጥበሻ ላይ በቀስታ እሳት ክዳን ገጥመሽ አድርጊው። ሲደርስ ቤቱ የእሑድ ሽታ ይሸታል። እንደሞቀ ይበላ። የሞቀ ዳቦ ከቀዘቀዘ በኋላ ከበፊቱ ይብስ ይጠጥራል፤ ስለዚህ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጪ። አንዴ የሞቀውንም መልሰሽ ፍሪዘር አታስገቢ። ማይክሮዌቭ ካለሽ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ተጠቀሚበት። ከበዛበት ዳቦው እንደ ጠፍር ነው የሚሆነው።

ለአማትሽ ግን በእንፋሎት አድርጊላቸው። ድስት ላይ ውኃ አፍይ፤ ውኃው የማይነካው ወንፊት ወይም የእንፋሎት ሳህን ጣል አድርጊበት። ቁራጮቹን ደርድሪና ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልለሽ ግጠሚው፤ ጨርቁ የሚንጠባጠበውን ይይዛል። አምስት ስድስት ደቂቃ ይበቃል። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃችን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ለዚህ ሥራ ግን ይተርፋል። በእንፋሎት የሞቀ ድፎ ልክ እንደ ህብስት ይለሰልሳል። ህብስት ራሱም ለፍሪዘር እጅግ የሚመች ዳቦ ነው። አምባሻም እንዲሁ። ቅርፊቱ ኩርሽም የሚለው ረጅሙ የዳቦ ቤት ዳቦ ግን ቅርፊቱን ያጣል፤ ለሱ ባትደክሚ ይሻላል። ቡሄ ደርሷልና ነሐሴ 13 ልጆቹ ይዘውልሽ የሚመጡትን የሙልሙል ክምርም በዚሁ መንገድ ማቆየት ትችያለሽ፤ በዚያው ቀን ማታ ከሆነ።

ለልጆቹ ምሳ ዕቃ ደግሞ ማሞቅም አያስፈልግሽም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት ቁራጭ ከነበረዶው አውጪ። መሀሉን የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም ማር ቀቢና ምሳ ዕቃው ውስጥ ዝጊው። እስከ 6 ሰዓት ራሱ ይሟሟል። የእሑድ ማታው ስለሆነ ሳይሞቅም ለስላሳ ነው። ቤት ውስጥ ስታሟሚም እንደታሰረ ይሟሟ፤ ቶሎ አትፍችው። ክረምት ላይ ከጣና የሚመጣው አየር እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ዳቦ ከተፈታ ያን እርጥበት ላዩ ላይ ይሰበስበዋል።

መብራቱን አልረሳሁትም። በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት ገደማ፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ ለ24 ሰዓት ገደማ ብርዱን ይይዛል። ስለዚህ ባዶ ቦታውን በሃይላንድ ሙይው። ባዶ የውኃ ፕላስቲኮችን ውኃ ሞልተሽ አስገቢ። ግን እስከ አፉ አትሙይው፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ፕላስቲኩን ያፈነዳዋል። አራት ጣት ያህል ተይለት። መብራት ሲጠፋ «ሟሟ ወይ?» እያልሽ በሩን እንዳትከፍቺ። ልጆቹንም አስጠንቅቂ።

ሥራ ውለሽ ስትመለሺ መብራት ጠፍቶ መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። በብርጭቆ ፋንታ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ አርጊና በረዶ ይሁን። ላዩ ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጪና ዳቦው አጠገብ ተይው። ሳንቲሙ ላይ ላዩን ካለ ምንም አልተፈጠረም። ወደ ውስጥ ሰምጦ ከቀዘቀዘ ሟሙቶ ነበር ማለት ነው። ያኔ ስለ ዳቦው ብዙ አትስጊ። ንጹሕ ሆኖ ታስሮ የነበረ ዳቦ ቢሟሟ አሙቀሽ በዚያው ቀን ማብላት ነው። መልሶ ቢበርድም ጣዕሙ ነው የሚቀንሰው። ሥጋና ዓሣ ግን እንደ ዳቦ አይደሉም። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘሽው ለምን ያህል ሰዓት ሞቀው እንደቆዩ ስለማታውቂ አታብያቸው።

ስለ ሻጋታው አንድ ነገር ሳልልሽ አላልፍም፤ እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ሲሳሳቱ ስለማይ ነው። ሻጋታውን ፍቀው፣ የቀረውን ጠብሰው ያበላሉ። አይሆንም። ላዩ ላይ የምታይው አረንጓዴ ጫፉ ነው። ሥሩ በዳቦው ውስጥ በዓይን ሳይታይ ይሄዳል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ደግሞ በምጣድ እሳት አይጠፋም። የሻገተ ዳቦ እንዳለ ይጣል። ለዶሮም አይሰጥ፤ ዶሮንም ይጎዳል። እህል መጣል እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ እኔንም ያስፈራኛል። እሑድ ማታ ለይተሽ አስገቢ የምልሽም ረቡዕ የምትጥይው እንዳይኖር ነው። ሻጋታ የጀመረውንም «ፍሪዘር ይገድለዋል» ብለሽ አታስገቢ። አይገድለውም፤ ያስተኛዋል። ሲሟሟ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሌላም አለ። ሞቅ ባለው ወራት፣ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ፣ ድፎ በሁለተኛው ቀን ሲቆረስ መሀሉ ተጣብቆ እንደ ክር የሚሳብበት ጊዜ አለ። የበሰበሰ ፍራፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ያመጣል። ሊጡ ሳይበስል የቀረ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከዱቄቱ ጋር የመጣ፣ መጋገሩም ያልገደለው ባክቴሪያ ነው። ትልቅ ዳቦ ሳይቀዘቅዝ ከታፈነ ይመቸዋል። ያ ዳቦም ይጣላል። የተቦካበትንና የተቀመጠበትን ዕቃ በደንብ አጥበሽ በኮምጣጤ ጥረጊው፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ድፎ ይመለሳል።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ። ሳልነግራቸው ላብላቸው ወይ ብለሻል። እባክሽ አታድርጊው። ዳቦው ጥሩ ሆኖ፣ ወደውት ቢበሉም፣ ነገ ልጆቹ «አያቴ የፍሪዘሩን በላች!» ብለው መናገራቸው አይቀርም። ያኔ ስለ ዳቦው ትክክል ብትሆኚም እሳቸውን ያታለልሽ ትሆኛለሽ። አንድ ጣራ ሥር ለሚኖር ሰው ይሄ ከባድ ነው። እምቢ የማለት መብታቸውንም ጠብቂላቸው።

እኔ ብሆን በሥራው አስገባቸዋለሁ። እሑድ ድፎው ከኮባው ሲወጣ ጥሪያቸው። ባርከው ይቁረሱት፤ የመጀመሪያው ትኩስ ቁራሽ የሳቸው ይሁን። ማታ ደግሞ «እማማ፣ ይሄ ቀዝቅዟል ወይስ ይቆይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ዕድሜ ልካቸውን ድፎ ያወጡ እጆች ካንቺም ከኔም ጉንጭ በላይ ያውቃሉ። የድርቆሹንም ነገር ያኔ፣ እየቆረጣችሁ አንሺላቸው። «ድርቆሽ በፀሐይ፣ ይሄ በበረዶ» በያቸው። ሐሙስ ጠዋት በእንፋሎት የሞቀውን ከቡና ጋር አቅርቢና ከፍሪዘር የወጣ መሆኑን ፊት ለፊት ንገሪያቸው። ከወደዱት ጥሩ። ካልወደዱትም አታስገድጃቸው፤ ለሳቸው የሰኞና የማክሰኞውን ድርሻ ጨመር አድርገሽ ውጭ አቆይ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ ቂጣ ጋግሪላቸው። የቂጣ ሊጥ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ሆድ ይቆርጣል ያሉትንም በንቀት አትለፊው። ጨጓራቸውን የሚያማቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። ምናልባት ያንን ቀን ዳቦውን ቀዝቃዛውን በልተው አልተስማማቸው ይሆናል። የሞቀውን ብቻ ስጫቸው።

ሐሙስ ጠዋት ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ዓሣውን ግን እሑድን ሳትጠብቂ ዛሬ ማታ ወደ ታች አውርጂው።